ሰልፍ የመውጣት መብትና የባለሥልጣን ቃል



ቃል ኪዳን ብዙ ዓይነት ነው። አንድ ሹም «መንገድ አሠራላችኋለሁ፤ የውኃ ጉድጓድ አስቆፍርላችኋለሁ» ብሎ ቃል ቢገባና ቢፈጽም ይመሰገናል፣ ይመረቃል። ቃሉን መጠበቁ ለራሱም ይጠቅመዋል ማለት ነው። «የተቃውሞ ሰልፍ የመውጣት መብታችሁን አስከብራለሁ» የሚለው ቃል ግን ጠባዩ ልዩ ነው። ይህን ቃል የሚገባ ሰው፣ ነገ በእርሱ ላይ የሚጮኹትን ሰዎች ዛሬ «እጠብቃችኋለሁ» ማለቱ ነውና። ቢፈጽመው የሚያተርፈው ምስጋና ሳይሆን ወቀሳ ነው። እንግዲህ እኛ ወጣቶች የምንጠይቀው፣ ፖለቲከኞች እንዲህ ያለውን ቃል ይጠብቁታልን? ብለን ነው። ስለ ሩቅ አገር ከማውራት በገዛ አገራችን የሆነውን ብንመለከት ይሻላል።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሰዎች ያለ መሣሪያ በሰላም እንዲሰበሰቡ ፈቅዶ ነበር። ነገር ግን ዝርዝሩን ሌላ ሕግ እንዲወስነው ተወው። ያ ሕግ በ1959 ዓ.ም. ሲወጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ይህ መብት ሰጪ ሳይሆን መብት ነሺ ነው» ብለው ተቃወሙት። ስለ ሰልፍ ሕግ ሰልፍ ተወጣ ማለት ነው!

የ1966 ዓ.ም. ነገር ከዚህ ይልቅ ያስተምራል። በየካቲት ወር የታክሲ ነጂዎች ስለ ቤንዚን ዋጋ፣ መምህራን ስለ ደመወዛቸውና ስለ ትምህርት ፖሊሲው ሥራ አቆሙ። ሠራተኞች አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ የእስልምና ተከታዮች ስለ እኩልነት አዲስ አበባን በሰልፍ ሞሏት፤ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ደርግ ወደ ዙፋኑ የተጠጋው በዚህ ሕዝብ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ፣ በዚያው ቀን ባወጣው በአዋጅ ቁጥር 1 ምን አለ? የሥራ ማቆም አድማና ያልተፈቀደ ሰልፍ ከለከለ። መሰላሉን የወጣበት ሰው ጣሪያው ላይ ሲደርስ መሰላሉን ወደ ላይ ሳበው። የሠራተኛ ማኅበራቱ መሪዎች የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም ባሉ ጊዜም በዚያው ወር ታሠሩ።

በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 34 የተጻፈውን የንጉሥ ሴዴቅያስን ታሪክ ያስታውሷል። የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን በከበበ ጊዜ ንጉሡና መኳንንቱ ባሮቻቸውን ነፃ ለማውጣት ቃል ኪዳን ገቡ፣ አወጡአቸውም። ከበባው ለጊዜው ሲላላ ግን መልሰው ባሪያ አደረጉአቸው። በጭንቅ ጊዜ የተሰጠ ቃል ጭንቁ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ታሪክ አላገኘንም።

ደርግ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ባወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የመሰብሰብንና የሰልፍን ነፃነት እንደገና ጠቀሰ፤ ግን ፀረ ሕዝብ ለተባሉት አይሆንም አለ። ፀረ ሕዝብ ማን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? በዓመቱ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ ቀናት፣ በአዲስ አበባ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። ለወዳጅ ብቻ የተሰጠ የተቃውሞ መብት መብት ሊባል አይችልም። ወዳጅማ ምን ብሎ ይቃወማል?

ኢሕአዴግ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 3 በጽሑፍ ደረጃ መልካም ነበር። ሰልፍ አድራጊው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ እንጂ እንዲያስፈቅድ አላለም። መሥሪያ ቤቱ ጊዜው ወይም ቦታው ይለወጥ ሊል ይችላል፤ ሰልፉ ከቶ አይደረግም ሊል ግን አይችልም። ከዚያ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 መብቱን አጸናው። በአፈጻጸሙ ግን «ማሳወቅ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «ማስፈቀድ» ሆነና «ፈቃድ የሌለው ሰልፍ» የሚል አነጋገር በሁላችንም አፍ ገባ። አንዲት ቃል ስትለወጥ ዝም ብለን ማለፋችን ያስገርማል።

በሐቅ እንናገር ካልን ቃሉ የተጠበቀበትም ቀን አለ። ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. ከምርጫው በፊት ተቃዋሚዎች በመስቀል አደባባይ ያደረጉት ታላቅ ሰልፍ በሰላም ተፈጽሟል። ምርጫው የተደረገው ግንቦት 7 ቀን ነው፤ በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ሰልፍን ለአንድ ወር ከለከሉ። በሳምንት ልዩነት! ከዚያ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ።

እዚህ ላይ «መንግሥት ፀጥታ ማስከበር የለበትምን?» የሚል ሰው ይኖራል። አለበት። ከሞቱት መካከል ስድስት ፖሊሶች ነበሩ፤ እነርሱም የእናት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ነገሩን የሚለየው ምርመራው ነው። ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የ193 ሲቪል ሰዎችን ሞት መዘገበ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ከምክትላቸው ጋር አገር ጥለው ከወጡ በኋላ፣ ኮሚሽኑ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ስምንት ለሁለት በሆነ ድምፅ ወስኖ እንደነበር ተናገሩ። ለምክር ቤት የቀረበው ሪፖርት ግን እርምጃው ከመጠን አላለፈም የሚል ነበር። ፖለቲከኛው የገባውን ቃል ዳኛው ጠበቀለት፤ ዋጋውም ስደት ሆነ።

መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን ሲይዙ ሕይወታቸው ስላለፈ ዜጎች በምክር ቤት ይቅርታ ጠየቁ። ብዙ ሰው አለቀሰ፤ እኛም ያንን ንግግር አናቃልለውም። በስድስተኛው ወር፣ መስከረም 7 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የቡራዩን ግድያ ለመቃወም አዲስ አበባ በወጣው ሰልፍ አምስት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ሰሞን ከሺህ በላይ ወጣቶች ወደ ጦላይ ወታደራዊ ካምፕ ተወሰዱ።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሲናገሩ ዋሹ ማለት ነውን? እኛ እንደዚያ አንልም። ብዙዎቹ ሲናገሩት ያምኑት ነበር ብለን እንገምታለን። ሥልጣን ያልያዘ ሰው ሰልፈኛውን ከጎኑ ያየዋል፤ ሥልጣን ሲይዝ ግን በመስኮት ቁልቁል ያየዋል። ከመስኮት ሲታይ ሰልፍ ሁሉ ሁከት ይመስላል። በእኛ በትንሿ የወጣቶች ስብሰባ እንኳ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ተቃውሞ ያለበትን እጅ መጨረሻ ላይ የማየት ጠባይ አለው።

ስለዚህ «መብታችሁን አስከብራለሁ» የሚለንን ሰው ቅን ነህ ወይ ብለን ብንጠይቀው መልሱ አይረባንም። ይልቅስ፦ በአንተ ላይ ሰልፍ ወጥቶ ሰው ቢሞት ማን ይመረምራል? መርማሪውን የሚሾመውስ ማን ነው? ውሳኔው ለሕዝብ ከመነበቡ በፊት በማን እጅ ያልፋል? ዳኛውስ ሪፖርቱን ፈርሞ ማታ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባልን?