ደጁ ይዘጋ፣ ኸይሩ ይውጣ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። እናመሰግነዋለን፣ እርዳታውን እንለምናለን፣ ምሕረቱን እንከጅላለን። ከእርሱ በቀር በእውነት የሚመለክ እንደሌለ፣ ሙሐመድም ባሪያውና መልእክተኛው እንደሆኑ እንመሰክራለን። ሶላትና ሰላም በእርሳቸው፣ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። አማ በዕድ፤

የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

ደብረ ብርሃን የምትኖሩም ሆናችሁ አንኮበርና አልዩ አምባ ያላችሁ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ቤት መዋልን ለምደውታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ለወራት ቤት ከረሙ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ግጭት ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ! መንገዱ ሲያሰጋ እናት ልጇን «ዛሬ ከደጅ እንዳትወጣ» ትለዋለች። ደግ አደረገች፤ ነፍስን መጠበቅ ሸሪዓችን ከቆመባቸው ዓላማዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ቢቀር ከኸይር ሥራ መቅረት የለበትም። ደጁ ለደኅንነቱ ይዘጋ፤ ኸይሩ ግን ይውጣ።

አብደላህ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ገና ልጅ ሳሉ በአክስታቸው በመይሙና ቤት ነበሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለመጸዳዳት ሲገቡ፣ ልጁ ማንም ሳያዛቸው የዉዱእ ውኃ አቀረቡላቸው። ነቢያችን ማን እንዳስቀመጠው ጠየቁ፤ ሲነገራቸውም አላህ የዲን ግንዛቤ እንዲሰጣቸው ዱዓ አደረጉላቸው። ያ ልጅ አድገው በቁርኣን ማብራሪያ ኡማው የሚመሰክርላቸው ዓሊም ሆኑ። ልብ በሉ! ከቤት ሳይወጡ፣ በአንድ ዕቃ ውኃ ያገኙት ዱዓ ነው።

ይህ በእኛ ቤትም ይቻላል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ሲጥል፣ አያት ለሱብሒ ሲነሱ ውኃው እጅ ይቆርጣል። ልጁ ማንቆርቆሪያውን ምድጃ ላይ ጥዶ ለብ ያድርግ፤ እንዳያቃጥላቸው በራሱ እጅ ይሞክረው፤ ቀስ እያለ ያፍስስላቸው፤ ፎጣውንም ይያዝላቸው። ዓይናቸው ለደከመ አያት ቁርኣን ይቅራላቸው። ትምህርት የተቋረጠበትን ታናሽ ወንድሙን ፊደል ያስቆጥረው፣ ሒሳብ ያሳየው። ሩቅ ላሉት አክስቱ ስልክ ደውሎ «እንዴት አደሩ?» ይበላቸው። ይህ ሁሉ ኒያው ሲስተካከል አጅር አለው።

ወንዶች ልጆች ሆይ! እናንተን ለይቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእናንተ ጊዜ ለጨዋታ ይተርፋል፤ የእህታችሁ ግን በውኃ መቅዳት፣ በኩበትና በእንጀራ ያልቃል። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደነገሩን ነቢያችን በቤታቸው የቤተሰባቸውን ሥራ ይሠሩ ነበር። ጀሪካኑን እናንተ አንሱ፤ እህታችሁም መጽሐፏን ታንሳ።

ወላጆችም ልጅ ሲረዳ ውኃ ቢያፈስ አትቆጡ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ከአሥር ዓመታቸው ጀምሮ ነቢዩን ለአሥር ዓመት ያህል አገልግለው «ኡፍ» የሚል ቃል አልሰሙም። በስድብ የተያዘ ልጅ ነገ ለመርዳት እጁን አይዘረጋም።

ጎረቤትንም አትርሱ። ነቢያችን ለአቡ ዘር (ረ.ዐ.) ወጥ ሲሠሩ መረቁን አብዝተው ለጎረቤት እንዲያደርሱ መክረዋቸዋል። ሱረቱ አል-ማዑን የቲምን የሚገፉትንና የቤት ዕቃ ለጎረቤት የሚነፍጉትን ትወቅሳለች። እንግዲህ ጎረቤት ወንፊት ወይም ምሳር ሲጠይቅ ልጁ ከአጥር ማዶ ፈጥኖ ያቀብል። ንፍሮውንም እናት ትዝገን፣ ልጁ በእጁ ይስጥ፤ መስጠት የሚለመደው በእጅ ነው።

ይህን ብዬ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት፤ እርሱ መሐሪ አዛኝ ነው።

(ሁለተኛው ኹጥባ)

ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

ሙስሊሞች ሆይ! ከወለጋ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ የተጠለሉ ቤተሰቦች ጎረቤቶቻችን ናቸው። በ615 እ.ኤ.አ. የመካ ስደተኞችን የተቀበለች አገር ልጆች ነን። ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት፤ ታዲያ በእሷ ውስጥ ሕፃን በቁር ተንቀጥቅጦ እንዴት ይደር? ልጆቻችን ቤት ሆነው የጠበባቸውን ሹራብ ይምረጡ፣ ይጠቡ፣ የተተረተረውን ይስፉ፣ ይጠፉት፤ ወስዶ ማድረሱ የአባት ነው። ጨርሶ የተቀደደውን ግን አይምረጡ፤ አላህ ለራሳችን ቢሰጠን የምንጠየፈውን ለሰደቃ እንዳንመርጥ በሱረቱ አል-በቀራ ከልክሎናል። ተቀባዩንም በስልክ ፎቶ እያነሳን አናሳፍረው፤ መመጻደቅ ሰደቃን ያበላሻል።

ዛሬ ከጁምዓ ስትመለሱ ለእያንዳንዱ ልጅ ከእነዚህ አንዱን ሥራ ስጡት፤ ሲፈጽምም ዱዓ አድርጉለት።

አላህ ሆይ! ለአገራችን ሰላም ስጣት። የተፈናቀሉትን ወደ ቀዬአቸው በክብር መልሳቸው። የተዘጉ ትምህርት ቤቶችን ክፈትልን። ልጆቻችንን ለወላጅ የሚታዘዙ፣ ለደካማ የሚያዝኑ አድርግልን። የዱንያንም የአኼራንም መልካሙን ስጠን፤ ከእሳት ቅጣትም ጠብቀን። አሚን።

የአላህ ባሮች ሆይ! አላህ በፍትሕ፣ በበጎ ሥራና ለዘመድ በመስጠት ያዛል፤ ከክፋትና ከወሰን ማለፍ ይከለክላል። አስታውሱት፣ ያስታውሳችኋል። ለሶላት ተነሱ።