የእናት ውለታ ዕዳ ነውን?

ባለፈው ወር ከመዝሙር ጥናት በኋላ በተደረገው የወጣቶች ውይይት አንድ ወንድማችን «የእናትን ውለታ መክፈል ይቻላልን?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም እንደ ተማከረ ሰው «አይቻልም!» አልን፤ ውይይቱም በዚሁ አበቃ። እኔ ግን ወደ ማደሪያዬ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ነገሩ ከነከነኝ። ሰው ሁሉ ለአንድ ጥያቄ በአንድ አፍ ሲመልስ፣ አንዳንድ ጊዜ ማንም ስላላሰበበት ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ፣ ለአማልክትና ለወላጆች ተመጣጣኝ ብድር ሊመልስ የሚችል ማንም የለም፣ የተቻለውን ያህል ያደረገ ግን እንደ ደግ ሰው ይቆጠራል የሚል አሳብ አስፍሯል። በ65 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሞተው ሮማዊው ሴኔካ ደግሞ ስለ ውለታ ባዘጋጀው ድርሰት፣ ልጅ ከተቀበለው አብልጦ የሚመልስበት ጊዜ አለ ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ሊቃውንት ናቸው፤ ነገር ግን (ድፍረት አይሁንብኝና) ሁለቱም ውለታን የሚያስቡት በሚዛን ላይ እንደሚቀመጥ ነገር አድርገው ነው። የእኔ እናት ደግሞ ለሚዛን አትመችም።

እናቴ ያሳደገችን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ በባሕር ዛፍ ቅጠል ምጣዷን ታሰማ ነበር፤ እኛም የምንነቃው በአክንባሎው ድምፅና በጭሱ ነው። ማታ ገበታ ሲቀርብ «እናንተ ብሉ፤ እኔ ማሟሻውን በልቼ ጠግቤአለሁ» ትለናለች። ማሟሻ ምጣዱ በደንብ ሳይሰማ የሚወጣው የመጀመሪያው እንጀራ በመሆኑ ለገበያ አይቀርብም። ይህን ቃሏን ለብዙ ዓመታት አመንሁ። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ግን አንድ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ብነሣ፣ ያንኑ ማሟሻ ለታናሽ እኅቴ የትምህርት ቤት ምሳ ስትቋጥርላት አየኋት። ጥቂት ቆሜ ተመለከትሁና ተመልሼ ተኛሁ። ለማንም አልተናገርሁም። በማግሥቱ ማታ «በልቻለሁ» ስትለንም እጄን ሰደድሁ፤ በላሁ። ርቦኝ ነበር።

እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። ከዚያ ሌሊት በፊት የበላሁት በእርሷ ፍቅር ነው፤ ከዚያ በኋላ የበላሁት ግን በእኔ ዝምታ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ልጆች እያስጠናሁ ከማገኘው ገንዘብ ከፍዬ ሰጠኋት። ደስ ብሏት መረቀችኝ። ኋላ ስሰማ በብሩ እቁብ ገብታበት ኖሯል፤ ለምን ቢሏት፣ ለእኔ የምርቃት ልብስ! ዕዳዬን ላቃልል ሄጄ ጨምሬ ተመለስሁ። እንዲህ ያለውን አበዳሪ አርስቶትልም ሴኔካም የሚያውቁት አይመስለኝም።

እንግዲህ አይከፈልም ብለን እንተወውን? በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን፣ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ቁርባን ነው እያሉ የሚያስቀሩትን ሰዎች እንዴት እንደ ገሠጻቸው ሁላችን ተምረናል። «የእናት ውለታ አይከፈልም» የሚለው ያማረ ቃልም በእኛ በወጣቶች አፍ ሌላ መሸሸጊያ እንዳይሆን እሠጋለሁ። ፈጽሞ የማይከፈል ከሆነ መጀመሩስ ምን ያደርጋል፣ ማለት ይመጣልና። በቀን ዐሥር ጊዜ «እናቴ ትሙት!» ብለን እንምላለን፤ እናታችን ዛሬ ምን እንደ በላች ግን አንጠይቅም።

ደግሞም ዕዳ የሚከፈለው ለመለያየት ነው። ባለሱቁን ሒሳቡን ከፍዬው ስወጣ እኔና እርሱ ተፈጻጽመናል። ከእናቴ ጋር እንዲህ መፈጻጸምን አልሻም። ያን ሌሊት የጎደለኝም ገንዘብ አልነበረም፤ «አይቼሻለሁ» የሚል አንድ ቃል ነበር። ምስጋና ማለት ይህ ይመስለኛል፤ የተደበቀልንን ማየትና ማየታችንን መናገር። መስጠቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ መምጣትም አለበት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት ሄድሁ። ገበታው ቀርቦ እንደ ልማዷ «ብሉ፤ እኔ ማሟሻውን...» ብላ ስትጀምር፣ «እማዬ፣ ማሟሻው ለማን እንደሚሄድ ከ8ኛ ክፍል ጀምሬ ዐውቃለሁ» አልኋት። ዝም አለች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም። ጠቅልዬ አጎረስኋት። ሁለተኛውን ስዘገይባት ጊዜ «ምነው፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል አይደል እንዴ?» አለችና አፏን ከፈተች።