ውኃው በገባበት ቀዳዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኛ የወልቂጤ ልጆች የምናውቀው ውኃ ዋቤንና ግቤን ነው፤ ባሕርን በወሬ እንጂ በዓይን አናውቀውም። ቢሆንም ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው የመጀመሪያ መልእክቱ፣ በምዕራፍ 1፣ ሕሊናቸውን የጣሉትን ሰዎች በተሰበረ መርከብ ይመስላቸዋልና ዛሬ የምጽፍላችሁ በምጽዋ ስለ ሰመጡ መርከቦች ነው።

መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ምጽዋን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሊገቡ የቀረው ጊዜ አንድ ወር አይሞላም ነበር። ጣሊያኖች ወደቡን ከማስረከባቸው በፊት በዚያ የነበሩትን የራሳቸውንና የጀርመኖችን መርከቦች፣ ዕቃ ጫኙንም ነዳጅ ጫኙንም፣ በገዛ እጃቸው አሰመጡ። እነዚህን ያጠፋቸው ማዕበል አልነበረም፤ የጠላት መድፍም አልነበረም። ቦምብ ያጠመዱባቸው ባለቤቶቻቸው ናቸው።

ከሰመጡት መካከል መርከብ በላዩ ተጭኖ የሚጠገንበት ግዙፍ ተንሳፋፊ የብረት መድረክ ነበረ። ሥሩ በቦምብ ተበሳስቶ ስለ ነበር አይነሣም ተብሎ ተተወ። በ1934 ዓ.ም. ግን ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ከጥቂት ጠላቂዎች ጋር ሥራውን ጀመረ። ይህ ሰው የሥሩን ቀዳዳ ልድፈን ብሎ አልደከመም። የላይኛውን ክፍተት ሁሉ አጥብቆ ዘጋና በቱቦ አየር አስነፋበት። አየሩ ከላይ ሲጫነው ውኃው በገባበት በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ወጣ። (ኩባያ ገልብጣችሁ ባልዲ ውስጥ አጥልቁ፤ አየሩ ውኃውን እንዴት እንደሚከለክለው ታያላችሁ።) በዚያ የምጽዋ ሙቀት በ9 ቀን አነሡት።

እኔ የራሴን ቀዳዳ አውቀዋለሁ። አባቴ መርካቶ በረንዳ ላይ ሸቀጥ እየሸጠ ነው የሚያስተምረኝ። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ ወድቄ ዓመቱን ድገም ተባልሁ። አባቴ በስልክ ሲጠይቀኝ «አልፌአለሁ» አልሁት። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቴ በጠየቀኝ ቁጥር ሌላ ውሸት እጨምርበታለሁ። ባለፈው መስቀልም ፈተና አለብኝ ብዬ ቀረሁ። የጉራጌ ልጅ ለመስቀል ከአገሩ ሲቀር ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ጾምሁ፤ ከመዘምራን ጋር ቆምሁ፤ ቀዳዳውን በዚህ የምደፍነው መስሎኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ ስናገር ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ለእኔ መናገርህ መልካም ነው። የዋሸኸው ግን አባትህን ነው።» የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ትዝ አለኝ። አባት ሮጦ ልጁን ሳመው። ልጁ ግን ከተሳመ በኋላም በመንገድ ያዘጋጀውን ቃል አልዋጠውም፤ በድያለሁ አለ። መሳሙ የአባት ነው፤ አየሩም ከላይ ነው የመጣው፤ መድረኩ ራሱን አልነፋም። ውኃው ግን መውጣት ነበረበት፤ የእኔም በገባበት አፍ።

ዘንድሮ አባቴ ለመስቀል ይመጣል። በዓሉን እንዳላበላሽበት ከደመራው በኋላ ልንገረው እያልሁ ሳመነታ ሰነበትሁ። በፊት ነው የምነግረው። ይህችንም ወረቀት ለአዘጋጆቹ የምሰጣት ከነገርሁት በኋላ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።