ሰንበትን ማን ሻረ?

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላል ያገራችን ሰው። በሬው ከነጥጃው አገር የለወጠ እንደሆነስ? ይህን ጥያቄ የጫረብኝ ባለፈው ዓመት ጎንደር ውስጥ ያገኘሁት፣ የትውልድ መንደሩን ሊያይ ከእስራኤል የመጣ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ጎልማሳ ነው። ቡና እየጠጣን ያወጋኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሰውየው ከአገር የወጣው ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲጓጓዙ ነው። ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። እዚያም እሱና ታላቅ እህቱ፣ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቻቸው፣ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ።

አንድ ዓርብ እህቱ ለሰንበት ወደ ቤት መጣች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንደተማረችው ሁለት ሻማ አብርታ ጸሎት አደረሰች። ሲመሽ አባት ሻማውን አይተው ደነገጡ።

«ልጄ፣ በሰንበት እሳት?»

«አባባ፣ ያበራሁት እኮ ሰንበት ሳይገባ ነው።»

«መቼ አበራሽው አልኩሽ? ሰንበት ገብቶ ይነዳል ወይ ነው የምልሽ።»

«ሕጉ እንዲህ ነው። እናንተ አገር ቤት ሳታውቁ ነው የኖራችሁት።»

አባት አልመለሱም። ጋቢያቸውን አንስተው ወጡና ደረጃው ላይ ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ።

ለመሆኑ ያን ምሽት ሰንበትን የሻረው ማን ነው? አባትና ልጅ የሚታዘዙት በሰንበት እሳት ማንደድን ለሚከለክለው ለዚያው ለአንዱ የኦሪት ትእዛዝ ነው። ቤተ እስራኤል ታልሙድ ሳይደርሳቸው፣ በግዕዝ የተጻፈውን ኦሪት ይዘው ኖሩ። ስለዚህ ዓርብ ሳይመሽ ምድጃቸውን አጥፍተው ቅዳሜን በቀዝቃዛ ምግብ ይውሉ ነበር። ታልሙድን የተከተሉት ረቢዎች ግን የተከለከለው ማንደዱ ነው፣ ቀድሞ የነደደ ቢያድር ነውር የለውም አሉ። እንዲያውም ሻማውን የሰንበት ክብር አደረጉት።

ትምህርት ቤቱን መኮነን ይቀላል። ነገር ግን ልጅቱ ያን ባትማር ኖሮ በዚያ አገር የሃይማኖት ሰዎች መካከል ባዕድ ሆና በቀረች ነበር። አባትስ ቢሆኑ አገራቸውን ጥለው የሄዱት ልጆቻቸው በእምነታቸው ባዕድ እንዳይሆኑ አይደለምን? ይሁንና ልማድን መለወጥ አንድ ነገር ነው፤ በወላጅ ልማድ ማፈር ደግሞ ሌላ። ልጆችን የማስተማሩን አደራ ለወላጅ የሰጠው ኦሪት ነው፤ አባትና እናት እንዲከበሩ ያዘዘውም ያው ኦሪት ነው። አንዱን ትእዛዝ ሲያስተምር ሌላውን ያስጣለ መምህር ምን አተረፈ?

ቁስሉ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም። ቀድመው የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን፣ ረቢዎቹ የአይሁድነታቸውን ጥርጣሬ ለማስወገድ ውሃ ውስጥ የመነከር ሥርዓት እንዲፈጽሙ በመጠየቃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቃውሞ አሰምተዋል። ቄሶቻቸው የሚመሩት የስግድ በዓልም በሕግ የአገሪቱ በዓል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። መንግሥት እስኪያከብረው ድረስ ስንቱ ልጅ በአባቱ ጸሎት ሲያፍር ኖሮ ይሆን?

አባትም ቢሆኑ ከደሙ ንጹሕ አይደሉም እላለሁ። ወጥተው ከሚቀመጡ፣ ምድጃቸውን ለምን ያጠፉ እንደነበር ለልጃቸው ቢነግሯት ምን ነበረበት? እኔ እንደሚመስለኝ ያን ምሽት ሻማው በደል የለበትም። ሰንበትን የሻሩት «ሳታውቁ» የምትለው ቃልና የአባት ዝምታ ናቸው።

ሰውየው ዛሬ የልጆች አባት ነው። ዓርብ ዓርብ ሚስቱ ሻማ ታበራለች። ለልጆቹ ምን እንደሚላቸው ጠየቅሁት።

«እናታችሁ ሰንበትን ስለምትወድ ታበራለች፤ አያታችሁም ሰንበትን ስለሚወዱ ያጠፉ ነበር እላቸዋለሁ» አለኝ። ስኒውን እያሽከረከረ ጥቂት ቆየና፣ «አባቴ ግን ይህን ሳይሰሙ አረፉ» ሲል ጨመረ።

እኔም ልጅ አሳድጋለሁ። አንድ ቀን ከእኔ የተሻለ አውቃ ትመጣለች፤ መምጣትም አለባት። ያን ቀን ጋቢዬን አንስቼ እንዳልወጣ ከአሁኑ እየተዘጋጀሁ ነው።