ድር ሲያብር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የመተባበርን ጥቅም ሲያስተምረን ኖሯል፡፡ የታሰረው አንበሳ ምን በድሎ እንደታሰረ ግን ማንም አይጠይቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር፡፡ ጥያቄው የመጣብኝ በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በመኪና መስኮት አንዲት ነብር ስመለከት ነው፡፡

ክሩገር ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የዱር አራዊት አገር ነው፡፡ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሆን፣ ባለመኪና ጎብኚዎችን መቀበል የጀመረው በማግስቱ ዓመት ነው፡፡ ዛሬም ጎብኚው አስጎብኚ ሳያሻው የራሱን ወይም የተከራየውን መኪና እየነዳ ይገባል፡፡ ዋና ዋናዎቹ ደንቦች ቀላል ናቸው፤ ከተፈቀደ ቦታ በቀር ከመኪና አለመውረድ፣ ከመንገድ አለመውጣት፣ በአስፋልት ላይ በሰዓት ከ50፣ በጠጠር መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር አለመብለጥ፡፡ የቀረው በአብዛኛው ለሰውየው ኅሊና የተተወ ነው፡፡

ከስኩኩዛ ተነሥቶ የሳቢን ወንዝ እየተከተለ ወደ ሎወር ሳቢ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በማለዳ፣ ነብሯን በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተኝታ አገኘኋት፡፡ ሞተሬን አጠፋሁ፡፡ ለጥቂት ደቂቃዎች እሷና እኔ ብቻ ነበርን፡፡ ከዚያ አንድ መኪና መጣ፤ ቀጥሎ ሦስት፤ ቀጥሎ መቁጠር ተውኩ፡፡ ዛሬ አውሬ የታየበት ቦታ በሞባይል ስልክ ከመኪና ወደ መኪና ስለሚዛመት፣ ምሥጢር ሆኖ የሚቆይ ነብር የለም፡፡ አንዱ ፒክአፕ በእኔና በዛፉ መካከል ገብቶ ተገተረ፤ ሞተሩንም አላጠፋም፡፡ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ነፋ፡፡ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተዘጋ፡፡ ነብሯ ከዛፉ ወርዳ መንገዱን ልታቋርጥ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቱንም ጊዜ መኪና ከፊቷ ተደቀነባት፡፡ በመጨረሻ ወደ መጣችበት ቁጥቋጦ ተመለሰች፡፡ ድሩ አብሮ አሰራት፡፡

ያን የፒክአፕ ነጂ ስረግመው ዋልኩ፡፡ ማታ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ፡፡ እኔ እዚያ ቦታ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆሜያለሁ፡፡ ከኋላዬ በነበረው መኪና ውስጥ ሁለት ሕፃናት አንገታቸውን አስግገው በእኔ መኪና ጣሪያ ላይ አሻግረው ለማየት ሲታገሉ በመስታወቴ አይቻቸው ነበር፡፡ አየሁና አልተንቀሳቀስኩም፡፡ ደንብ አልጣስኩም፤ ጥሩምባ አልነፋሁም፤ ቀድሜ ስለደረስኩ ብቻ ቦታው የእኔ መስሎኝ ነበር፡፡ ለመሆኑ ቀድሞ መድረስ ምን መብት ይሰጣል?

ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ ስለ ወል ግጦሽ ጽፏል፡፡ እያንዳንዱ እረኛ «አንድ ከብት ብጨምር ምን ይጎዳል?» ይላል፤ ትርፉ የእሱ፣ ጉዳቱ የሁሉም ነው፤ ሁሉም እንዲሁ ሲል ሣሩ ያልቃል፡፡ ሃርዲን ብሔራዊ ፓርኮችንም በምሳሌነት ጠቅሷቸዋል፡፡ በእርግጥም በዚያ ማለዳ ሁላችንም «አንድ መኪና ምን ይጎዳል?» ባዮች ነበርን፡፡

ጎብኚው የሚያቀርበው መከራከሪያ ግን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፡፡ ዓመታት ቆጥቦ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ነብር የሚያየው ምናልባት በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው፡፡ የሚከፍለውም ገንዘብ ለጥበቃው ይውላል፤ ተመልካች የሌለው አውሬ ተከራካሪም ላይኖረው ይችላል፡፡ ይህ ሁሉ እውነት ነው፡፡ ይሁን እንጂ በሩ ላይ የተከፈለው ለመግቢያ እንጂ ለነብሯ አይደለም፡፡ የመንገዷን መቋረጥ የሸጠልን የለም፡፡

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን በቀለለ ነበር፡፡ ከክሩገር ራቅ ብሎ በኬንያው ማሳይ ማራ አካባቢ በአቦ ሸማኔዎች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል፡፡ ቱሪስት በሚበዛበት ቦታ አንዲት እናት ከአንድ ወሊድ ለራሳቸው እስኪበቁ ያሳደገቻቸው ግልገሎች በአማካይ 0.2 ሲሆኑ፣ ቱሪስት በሚያንስበት ግን 2.3 ናቸው፡፡ የመጀመሪያው ቁጥር ሲተረጎም ከአምስት ወሊድ አንድ ግልገል ማለት ነው፡፡ አቦ ሸማኔ በአብዛኛው በቀን ስለሚያድን ከተመልካች መሸሸጊያ የለውም፡፡ ከእነዚያ መኪናዎች መካከል ግን «ግልገል ገደልኩ» የሚል አንድም ነጂ አይገኝም፡፡ እያንዳንዳቸው ያደረጉት ማየት ብቻ ነው፡፡ በደል ባለቤት የሚያጣው እንዲህ ሲከፋፈል ነው፡፡

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንመልከት አልልም፡፡ በአገራችን የድግስ ቤት ሥርዓት የበላ ሰው ተነሥቶ ለቆመው ቦታ ይለቃል፡፡ ይህን ሕግ ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈው የለም፤ ግን የማይነሣውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል፡፡ ዱሩም ድግስ ነው፤ አውሬዋ መተላለፊያዋን ሳታጣ፣ ኋላ የመጣውም ሳይከለከል በልቶ መነሣት ያስፈልጋል፡፡ ፒክአፑ የጎደለው ይህ ነበር፤ እኔም የጎደለኝ ይኸው ነው፡፡ በዚያ ማለዳ እኔ የተነሣሁት ማዕዱ ከፍ ካለ በኋላ ነውና፡፡