ቃለ ጉባኤ የሌለው ጉባኤ

እድር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው «ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም» የምትለዋን ነገር በደንብ ያውቃታል። ሰው እስኪበቃ ይጠበቃል፤ ካልበቃ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ባክቴሪያዎችም እንዲህ ያደርጋሉ ብትባሉ ታምናላችሁ?

ያደርጋሉ። በሃዋይ የባሕር ዳርቻ የምትኖር አንዲት ትንሽ ስኩዊድ አለች፤ በሰውነቷ ውስጥ ብርሃን የሚሰጡ ባክቴሪያዎችን ታኖራለች። አንድ ባክቴሪያ ብቻውን ሲሆን አያበራም፤ ትርፉ ጉልበት ማባከን ነው። ግን አንድ ዓይነት ሞለኪውል እያመረተ ወደ ውጭ ይለቃል። ጎረቤቶቹም እንደዚያው። ሲበዙ ሞለኪውሉም ይከማቻል፤ ክምችቱ የሆነ ልክ ላይ ሲደርስ ሁሉም ባንዴ ያበራሉ። ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ በፈረንጆቹ 1970 ላብራቶሪ ውስጥ ባሳደጓቸው ብርሃን ሰጪ ባክቴሪያዎች ላይ አይተው ጽፈዋል። ዛሬ ስሙ «ኮረም ሴንሲንግ» ነው፤ በኛ ቋንቋ ምልዓተ ጉባኤ መሙላቱን ማወቅ እንደማለት።

ይህ ነገር ኢንጂነሮችን የሳበበት ምክንያት አለ። በናኖ ሜትር የሚለኩ ማሽኖች እንሥራ ብላችሁ አስቡ። ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። እነዚህ ማሽኖች እርስ በርስ እንዴት ይነጋገራሉ? ስልካችን የሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ አይሆናቸውም፤ አንቴናው ራሱ ከማሽኑ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ዘዴውን ከተፈጥሮ ተዋሱ፦ አንዱ ሞለኪውል ይልቀቅ፣ ሌላው ይቀበል። በ2013 ተመራማሪዎች አልኮል ወደ አየር እየረጩ «ኦ ካናዳ» የሚል አጭር ጽሑፍ ከአንድ መሣሪያ ወደ ሌላው ላኩ። መሣሪያዎቹ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትልልቅ ነገሮች ነበሩ፤ ሐሳቡ እንደሚሠራ ግን አሳዩ።

በ2016 ደግሞ «ኔቸር» መጽሔት ላይ ከዚህ የባሰ የሚገርም ሥራ ወጣ። እዚህ ላይ ማሽኑ ባክቴሪያው ራሱ ነው። የተዳከመ ሳልሞኔላ ዘረመሉ ተቀይሮ መድኃኒት እንዲያመርት ተደረገ። ባክቴሪያዎቹ ዕጢ ውስጥ ገብተው ይራባሉ። ቁጥራቸው ሲሞላ አብዛኞቹ ይፈነዱና በውስጣቸው ያለውን መድኃኒት እዚያው ያፈሱታል። የተረፉት ጥቂቶች እንደገና ይራባሉ፣ እንደገና ይሞላሉ፣ እንደገና ይፈነዳሉ። ሙከራው በአይጦች ላይ ነበር። ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ የአይጦቹን ዕድሜ አራዝሟል።

እሺ፣ ደስ ይላል። ግን አንድ ቀን ይህ ጉባኤ የእናታችን ጉበት ውስጥ ቢቀመጥስ? ተሳስቶ ያለጊዜው ቢወስን ማንን እንጠይቃለን?

የእድር ጉባኤ ሲሳሳት መንገድ አለው። ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ሰብሳቢው ፈርሟል፣ የተቃወመ ሰው ተመዝግቧል። በባክቴሪያዎቹ ዘንድ ምልዓተ ጉባኤ አለ፤ ቃለ ጉባኤ ግን የለም። መልእክቱ ላይ ፊርማ የለም። እንዲያውም የጎረቤቱን ሞለኪውል እየሰባበረ ወሬውን የሚያጠፋ ባክቴሪያ በተፈጥሮ አለ። ማን ምን እንዳለ በኋላ ማጣራት ከባድ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ለሥራ እውነት ነው። ችግሩ ኃላፊነትንም እንደ ሎሚ የምናስብ መሆናችን ነው፤ ብዙዎች ከያዙት የሚቀል ይመስለናል። እስቲ በባክቴሪያዎቹ እናስላው። አንድ ባክቴሪያ ምን ያህል ኃላፊነት አለበት? ዜሮ። አያስብም፣ አይመርጥም፣ ቃል አይገባም። ዜሮ በቢሊዮን ቢባዛ ያው ዜሮ ነው። ስለዚህ «ውሳኔው የሁሉም ነው» ካልን ኃላፊነቱ አልተከፋፈለም፤ በቃ ጠፍቷል።

እኔ የሚመስለኝ ውሳኔው ዕጢው ውስጥ አልተወሰነም። «ስንት ሲሆኑ ይበቃል?» የሚለውን የመረጠ ሰው አለ። ልኩ ሲመረጥ ውሳኔው ያኔ ተወስኗል፤ ባክቴሪያዎቹ የሚያደርጉት ቆጠራ ብቻ ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ ሳይሸራረፍ ከመራጩ፣ ከፈቃጁና ከሰጪው ጋር ይቀራል።

እዚህ ላይ ጥሩ ክርክር ይነሳል። ሕይወት ያለው ነገር ይለወጣል። ባክቴሪያ በተራባ ቁጥር ዘረመሉ ሊቀየር ይችላል፤ የማይፈነዳ ዘር ሊወጣ ይችላል። ሠሪው አስቀድሞ ሊያውቀው በማይችለው ነገር እንዴት ይጠየቃል? ክርክሩ ቀላል አይደለም። ግን ማሳውን ለማጽዳት እሳት የለኮሰ ገበሬን አስቡ። ነፋሱን አላዘዘም፣ ወዴት እንደሚነፍስም አላወቀም። ነፋስ የሚባል ነገር እንዳለ ግን ያውቃል። እሳቱ የጎረቤቱን ክምር ቢበላ «ነፋሱ ነው» ማለት አያድነውም። የምንጠይቀው ዳር ዳሩን ቀድሞ መንጥሮ እንደሆነ፣ ውኃ አዘጋጅቶ እንደሆነ፣ ለጎረቤቱ ነግሮ እንደሆነ ነው።

ከእነዚህ ማሽኖች ሠሪዎችም የምንጠብቀው ይህንኑ ነው። ማጥፊያው ምንድን ነው? ልኩን ማን መረጠው፣ በምን መነሻ? ከዚህ የማታውቁት የትኛውን ነው? ታማሚዋ «እሺ» ከማለቷ በፊት ይህን በሚገባት ቋንቋ መስማት አለባት። ያልሰማችውን እንዴት ትስማማበታለች?

ነገሩ ከላብራቶሪ ውጭም ያውቀናል። አንድ ሰው ኦንላይን ላይ ሲዘመትበት እያንዳንዳችን የምንለቀው አንድ ሼር፣ አንድ ሳቅ ነው። ልኩ ሲሞላ የሰውየው ኑሮ ይፈነዳል፤ ከዚያ «እኔ አንድ ኮሜንት ነው የጻፍኩት» እንላለን። እዚህ ግን ስሌቱ ይቀየራል፤ ማናችንም ዜሮ አይደለንማ። ባክቴሪያው ሞለኪውሉን ከመልቀቁ በፊት «ይህ እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። እኛ እንችላለን።