የምድር ጥላ በጨረቃ ላይ

ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ሌሊት አምስት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ደመና ባልጋረደው ሰማይ ሥር ከአባያ ዳር ቆሞ ቀና ላለ ሰው፣ ሙሉዋ ጨረቃ ከጠርዟ ጎደል ብላ ትታይ ነበር። ከፊል ግርዶሽ ነበረ። ጥላው ከዳር እስከ ዳር ካለው ስፋቷ 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ሸፍኖ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ቆይቶ ተገፈፈ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር «የምን ምልክት ይሆን?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ሐዋርያው ጴጥሮስም በጰራቅሊጦስ ዕለት ነቢዩ ኢዩኤልን ጠቅሶ ስለ ጨረቃ መለወጥ አንሥቷል። አስጊው ከፍርሃት ቀጥሎ የሚመጣው በደለኛ ፍለጋ ነው።

ከዚያ ግርዶሽ በኋላ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጠፈ። ወር ቆጥሮ ሁለቱን ማያያዝ ቀላል ነው። ነገር ግን ያችኑ ጨረቃ በዚያች ሌሊት ሮማም፣ ናይሮቢም፣ ደልሂም አይተዋታል፤ ታዲያ ምልክቱ ለማን ተላከ? ሰዓቱና ደቂቃውስ ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ የታወቀ አልነበረምን? ከሟቾቹ ብዙዎቹ አስቀድመው በናዳው የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። መቅሠፍት ወረደባቸው የሚል ሰው ስለ ወንድማቸው የሞቱትን ይከሳል። ጌታችን የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውን 18 ሰዎች አንሥቶ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ ነቅፏል፤ ንስሐን ግን ከሚሰሙት ሁሉ ጠይቋል።

ጥላው የእኛ ነው። ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትገባ ክብ ጥላዋ ይታያል፤ አርስጣጣሊስም የምድርን ክብነት ከዚሁ አስረድቷል። የጨንቻ ደጋ፣ አባያና ጫሞ፣ እኛም ከነቤታችን በዚያ ጥላ ውስጥ ነበርን።

«ጥላ ነው፤ አለቀ» የሚሉ ወጣቶችም አሉን። ለእኛ ግን አላለቀም። ኢየሱሳዊው ካህን ሪቾሊ በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለጨረቃ ገጽ የሰጣቸው ስሞች ዛሬም ያገለግላሉ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ሰዎች ያረፉበት «የጸጥታ ባሕር» ከእነዚሁ አንዱ ነው። ሰማይን መለካቱ ከመጸለይ አላገደውም።

መምህራን ሆይ፣ ባትሪ፣ ብርቱካንና ሎሚ ይበቃችኋል። ልጆቹ ሎሚውን ወደ ብርቱካኑ ጥላ በገዛ እጃቸው ያግቡት፤ ያውጡትም። ከዚያም ስለ ገዜ ጎፋ ሟቾች አብራችሁ ጸልዩ።